ምሰሶው ላይ ሰው ነበረ

ጎንደር፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ከህረባው ይሄዳል ይመለሳል፣ ምንም የለበትም ብሎ የጻፈልኝ ረድዋን ነው። ጎንደር ያለ የተማረ ዘመዴ ነው። እኔ ያደረግሁት እሱ ያለኝን ነው።»

ባሕሪያ፣ ይህ ያንቺ ቃል ነው። ከህረባ ያልሽው እኛ እዚህ ኮረንቲ የምንለውን ነው። ለዕርቅ በተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ እናንተ አጃዊድ በምትሏቸው ሰዎች ፊት፣ እኔ በሌለሁበት፣ ሳልጠየቅ፣ ስሜን ጠርተሽ ተናገርሽው። ከአጃዊዶቹ አንዱ ሐጂ አብዱልናስር ለንግድ ጎንደር በመጣ ጊዜ ነገረኝ። አንዲት ቃል እንዳትሳሳት ብዬ ደጋግሜ አስባልሁት። በመጨረሻ «ምነው ረድዋን፣ ቁርኣን እያስቀራኸኝ ነው?» አለኝ። ቃሉ ግን አልተለወጠም።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። ሰላምታው ከክሱ በታች የመጣው ረስቼው አይደለም። በሰላምታ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ የመጣሁበትን ነገር አለስልሼ እጽፈው ነበር። ይህ የሚለሰልስ ነገር አይደለም።

ዝምድናችን አራት ቤት ተቆጥሮ የሚገኝ ነው። ቢሆንም እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ እኛ ቤት ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ፊደልም ሒሳብም ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ። ገዳሪፍ አግብተሽ ከሄድሽ ወዲህም የጻፍሽልኝን ሁሉ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ባልሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሞተ ጊዜ የበረዶ ሱቁን ልሽጠው ወይስ ልያዘው ስትዪኝ ያዢው አልሁሽ። ጦርነቱ መጥቶ መብራቱ መመላለስ ሲጀምር፣ ጄኔሬተር ገዛሁ፣ ወደ ቤቱ ሽቦ እንዴት ላስገባው ብለሽ ባለፈው ሰኔ ስትጠይቂኝ አራት ገጽ ጻፍሁልሽ። የምጽፈውን ሁሉ በካርቦን ቅጂ እንደማስቀር ታውቂያለሽ፤ ትስቂብኝም ነበር። ከቅጂው ቃል በቃል እነሆ፦

«በሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ አልወድም። አገሩ ሁሉ የሚሠራበት ነው ካልሽ ግን፣ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ሳታጠፊ ጄኔሬተሩን ከቤቱ ሽቦ ጋር በፍጹም አታገናኚ።»

«በፍጹም» ከሚለው ቃል ሥር አስምሬበታለሁ። «ምንም የለበትም» የሚል ግን በአራቱም ገጽ ላይ የለም።

ይሄዳል ይመለሳል ማለቴ እውነት ነው። ያልሁት ግን ለሌላ ጥያቄሽ ነው። «ባትሪ ላይ ፕላስና ማይነስ አለ፤ ግድግዳው ላይ ለምን የለም?» ብለሽኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ደስም ብሎኝ ነበር። የባትሪ ኮረንቲ እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይፈሳል፤ የግድግዳው ኮረንቲ ግን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው እንደሚስቡት ትልቅ መጋዝ ነው፤ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ይሄዳል ይመለሳል፤ ስለዚህ ፕላሱ ማይነስ፣ ማይነሱም ፕላስ እየሆነ ይለዋወጣል አልሁሽ። «ታዲያ ሄዶ ከተመለሰ ምን ሠራ?» እንዳትዪኝም ቀድሜ መለስሁ፦ መጋዙ የትም አልሄደም፣ ግንዱ ግን ተቆርጧል። ይህ የኮረንቲው ጠባይ ነው። እንዳሻሽ አገናኚው የሚል ፈቃድ አይደለም።

አንድ የመብራት ሠራተኛ ተጎዳ ብሎኛል ሐጂ። አላህ ዓፊያውን ይመልስለት። የአንድ ሰው ጉዳት ግን የሌላውን ስም ማጥፊያ አይሆንም። ዕድሜዬን በሙሉ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ጎንደር ውስጥ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ሁሉ ወይ ተማሪዬ ነው ወይ የተማሪዬ ተማሪ ነው። ስሜ በገዳሪፍ ገበያ የሚነሣው በዚህ ይሁን?

ቃልሽን እዚያው በተናገርሽበት ጉባኤ እንድታርሚ፣ ማረምሽንም እንድትጽፊልኝ እጠይቃለሁ።

ረድዋን


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርኸው ለጋሼ ረድዋን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምህ? ቤተሰቡ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ብርዱ ሲገባ ይይዝህ ነበር። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እኔ ሰላምታዬን ከላይ አድርጌዋለሁ። በማስመሪያ የምመታም ከሆነ ሰላም ከተባባልን በኋላ ይሁን ብዬ ነው።

ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ። መንገዱ ተዘግቶ ሐጂ መተማ ላይ ከርሞ ነው የመጣው።

ጋሼ፣ እውነትህን ነው። «ምንም የለበትም» አላልህም። እሷን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ለአጃዊዶቹ አርማለሁ። ግን ቅጂህን ለምን እዚያ ላይ አቆምኸው? ከ«በፍጹም አታገናኚ» ቀጥሎ ያለውን ለምን ተውኸው? እኔ ካርቦን የለኝም፤ ደብዳቤህን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፦

«ምክንያቱም የመንግሥቱ መብራት ድንገት ቢመጣ፣ ምቱን ሳይጠብቅ መጋዙን እንደሚይዝ ሌላ ሰው ነው። አንዱ ሲስብ እሱም ከሳበ፣ ስለቱ ይጎብጣል። ጄኔሬተርሽ ይቃጠላል።»

ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት አልጻፍህልኝም።

ልጅ ሳለሁ የማባዣ ሰንጠረዡን ሸምድጄ ስመጣ ጣቴን መትተህ ምን ትለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? «ትእዛዝ የሚሸመድድ በቀቀን ነው። ምክንያቱን የያዘ ነው ሰው።» እኔ ምክንያቱን ያዝሁ።

ያን ቀን ጠዋት አኑዋር መጣ። የመብራት ሠራተኛው እሱ ነው። አባቱ የመተማ ሰው ናቸው፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ነባሮቹ ሠራተኞች በጦርነቱ ሲበተኑ ነው ምሰሶ መውጣት የተማረው። እኔን ኻልቲ ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ከደጄ ፊት ያለውን ምሰሶ ሊወጣ ሲል ውሃ ሰጠሁት። መብራት ካጣን ቆይተን ስለነበር ውሃው ለብ ብሏል።

«ኻልቲ፣ ይኸ በረዶ ነው ሻይ?» አለኝ።

«መብራት አምጣና በረዶ ትጠጣለህ፣ አንተ ሰነፍ።»

«እስከ ዙህር ሶላት አትጠብቂ። መስመሩን እዚያ ላይ ራሴ ቆርጬዋለሁ። ከዙህር በፊት መብራት ቢመጣ ወላሂ ጺሜን እላጫለሁ።»

«የቱን ጺምህን?» አልሁት፤ ገና አላበቀለም። እየሳቀ ወጣ።

አየኸው ጋሼ? ዋናውን ማጥፊያ የማጠፋው መብራት ድንገት እንዳይመጣብኝ ነበር። እንደማይመጣ ደግሞ የሚያመጣው ሰው ራሱ ነገረኝ። ምሰሶው ላይ ሆኖ በዓይኔ እያየሁት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተማምኜ አላውቅም። ማጥፊያው ከፍሪዘሮቹ ጀርባ ነው፣ ሌላ ጊዜ ወንበር ላይ እየወጣሁ ነው የማጠፋው። ያን ቀን ምን አደከመኝ ብዬ ተውሁት። ጄኔሬተሩን አስነሣሁ። ከዚያ ጩኸቱን ሰማሁ።

አኑዋር አሁንም ሆስፒታል ይመላለሳል። እጁ ታሽጓል። ነፍሱ ግን ተርፋለች።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ኮረንቲው ከእኔ ቤት ወጥቶ ነው ወይ የያዘው? አጃዊዶቹም አባቱም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔም አላውቅም እላለሁ፤ ደግሞም አላውቅም። የሚያውቅ ዘመድ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።

ባሕሪያ


ጎንደር፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባሕሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለአንቺ ሰላሙን፣ ለአኑዋር ጤናውን ይስጥ።

የጠየቅሽኝ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ አይደለም። አስቀድሞ መጣራት ያለበት ነገር አለ። ጄኔሬተርሽ ስንት ኪሎ ዋት ነው? የሰፈሩ ቤት ሁሉ በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀም ከሆነ፣ ከቤትሽ የወጣው ኮረንቲ በመጀመሪያ የጎረቤቶችሽን ፍሪጅና ማራገቢያ ሁሉ መሸከም ነበረበት። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ያን ያህል ሸክም ሲጫንበት ወዲያው ታንቆ ይጠፋል። ያንቺው ጠፍቶ ነበር? ካልጠፋ ነገሩ ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ የመስመር ሠራተኛ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ሽቦውን ከመሬት ጋር ማሰር አለበት። ከየትም ኮረንቲ ቢመጣ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። የሙያው ሀ ሁ ነው። አኑዋር አስሮ ነበር ወይ? ይህ ሳይጣራ ማንም ሰው አይወነጀልም። አንቺም፣ እኔም።

እነዚህን ሳላውቅ አዎ ብዬ ብጽፍልሽ ሳይንስ አይሆንም።

ለአኑዋር መታከሚያ እንዲሆን ጥቂት ገንዘብ በሐጂ እጅ ልኬያለሁ። ከእኔ መሆኑን አትንገሪው።

ረድዋን


ገዳሪፍ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ረድዋን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ከሪም። አላህ ጾምህን ይቀበልህ፣ እኛንም ከሚምራቸው ያድርገን።

አራት ገጽ የምትጽፍ ሰው አንድ ገጽ ሳትሞላ ላክህልኝ። እኔም ቶሎ አልመለስሁልህም። ተቀይሜ ነው፤ አልዋሽህም። ያንተን ጥያቄ ለመመለስ ግን ዞሬ ጠይቄአለሁ።

ጄኔሬተሩ ላይ አምስት ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን አልጠፋም፣ አልታነቀም። ከደጄ ያለው ትራንስፎርመር የመስመሩ መጨረሻ ነው። መብራት የሚሰጠው ለእኔ ሱቅና ለወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው። ወፍጮው ባለቤቱ ከሸሸ ጀምሮ ተዘግቷል። ከምሰሶው ወዲያ ያለውን መስመር ደግሞ አኑዋር በእጁ ቆርጦታል። የሚሸከመው ሸክም አልነበረውም፣ ጋሼ። እንዲያውም ድምፁ እንደዚያ ቀን ለስላሳ ሆኖ አያውቅም።

ስለ ማሰሩ አኑዋርን ራሱን ጠየቅሁት። ባልጠየቅሁት ይሻለኝ ነበር።

ከመግሪብ በፊት ብቻውን ወደ ሱቅ መጣ። ከበሩ ላይ ቆሞ «ኻልቲ፣ በግራ እጄ ሰላም ስልሽ አትቀየሚኝ» አለኝ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ታኅሣሥ ላይ ስጽፍልህም አልነበረም። ታሽጓል ብዬ አለፍሁት። ያን ጊዜ ብነግርህ መልስህ ከፍርሃት ይሆናል ብዬ ነው፤ እኔ የፈለግሁት ዕውቀትህን ነበር።

አዛን ሲል ቴምር አቀረብሁለት። ግራ እጁን ዘረጋ፣ መለሰው፣ እንደገና ዘረጋው።

«እናቴ በግራ የሚበላ ሸይጣን ነው ትለን ነበር» አለኝ። «ይኸው እኔና ሸይጣን አንድ ማዕድ ላይ ቀረብን።»

እሱ ሳቀ። እኔ ሳህኑን ወደ ግራው አስጠጋሁለት። ከዚያ ስለ ማሰሪያው ሽቦ ጠየቅሁት።

«ማሰሪያው ነበረኝ። መኪናው ላይ ነበር» አለ። «መስመሩን በገዛ እጄ ቆርጫለሁ። ከየት ይመጣል ብዬ ልሰረው?»

ገባህ ጋሼ? እሱም እንደኔ ነው። እሱም ምክንያቱን ይዞ ነው የወጣው።

«ያ ዘመድሽ ሙሀንዲሱ ምን አለ?» አለኝ ቀጥሎ።

«ጄኔሬተርሽ ስንት ኪሎ ዋት ነው አለ» አልሁት።

ረጅም ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ወላሂ ይህ ሰው ያውቃል» አለ። «የማያውቅ ሰው አላህ ያሽረው ብሎ ይተዋል። ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የሚያውቅ ነው።»

ገንዘቡን አልወሰደም። ከማን እንደሆነ ነግሬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ፣ ለእሱ መዋሸት አልችልም። «ገንዘቡን መልሽለት» አለኝ። «ይልቅ አንድ ነገር ይንገረኝ። የቤት ኮረንቲ ስንት ጊዜ ነዝሮኛል፤ ያስደነግጣል እንጂ እጅ አይበላም። እኔን የያዘኝ ትልቁ፣ የዋናው መስመር ኮረንቲ ነው። ትልቁን ደግሞ ቆርጬዋለሁ። ትንሽ የበረዶ ሞተር ትልቁን ከየት አመጣችው?»

ይህን የምትመልስለት አንተ ነህ። እኔ በረዶ ሻጭ ነኝ።

የአኑዋር አባት የመጨረሻ ቃላቸውን ተናግረዋል። «ማንም ካላወቀ ቀደር ነው፣ የአላህ ነው፣ ልጄም እኔም አፋችንን እንዘጋለን። ያወቀ ካለ ግን መጥቶ አውቅ ነበር ይበል። የሚል ከጠፋ፣ ጄኔሬተሩን ያስነሣችው ታውቅ ነበር ብለን እንይዛለን» አሉ። አጃዊዶቹ ከዒድ በኋላ ሚያዝያ 3፣ ዓርብ፣ ከጁሙዓ በኋላ ይቀመጣሉ። ታውቅ ነበር ከተባልሁ በዚህ ሰፈር ማን ሰላም ይለኛል? አኑዋር ራሱ ኻልቲ የሚለኝ እስከዚያ ቀን ድረስ ነው።

ስምህን የጠራሁት ላዋርድህ አይደለም። እዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻዬን መቀመጥ ከብዶኝ ነው። አጠገቤ የማስቀምጠው ሰው ፈለግሁ፣ አንተን አስቀመጥሁህ። ያልኸኝን ግን አድርጌአለሁ። ባለፈው ሳምንት አጃዊዶቹ ዘንድ ሄጄ «ረድዋን ምንም የለበትም አላለም፣ ማጥፊያውን አጥፊ ብሎኛል» ብዬ አርሜአለሁ። ሐጂ ምስክር ነው። ስምህ ነጽቷል። አሁን ብቻዬን ነኝ።

ባሕሪያ


ጎንደር፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባሕሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በዚህ በተከበረ ወር አላህ ከአንቺም ከአኑዋርም ላይ ሸክሙን ያቅልል።

ከቤትሽ ወጥቶ ነው የያዘው። አዎ።

ታኅሣሥ ላይ ስትጠይቂኝም መልሱ ይኸው ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ አውቄዋለሁ። ጥር ላይ የላክሁልሽን መልስ ደጋግሜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ የላክሁት አነስተኛው ውሸት ያለበትን ነው። ቅጂም አላስቀረሁለትም። ኪሎ ዋቱን የጠየቅሁሽ ላጣራ ሳይሆን የማመልጥበት ቀዳዳ ስፈልግ ነው። የተጎዳውን ሰው ራሱን፣ ለምን ሽቦውን አላሰረም ብዬ መክሰሴንም አንቺ ታውቂያለሽ። አኑዋር ስለ እኔ ያለው ትክክል ነው።

መምጣት ነበረብኝ። መንገዱ ለሐጂ ይከፈታል፣ ለእኔ አልተከፈተም። ይህን እንደ ምክንያት አትቁጠሪልኝ፤ ምክንያት በማሳመር የታወቅሁ ነኝ። በምትኩ ከዚህ በታች ያለውን ዓርብ ዕለት በአጃዊዶቹ ፊት ሙሉውን አንብቢው። ሐጂ ወደ ዐረብኛ ይመልሰው።

«ለአኑዋር፣ ለአባቱና ለአጃዊዶቹ።

አኑዋር፣ ትንሿ ሞተር ትልቁን ከየት አመጣችው ብለህ ጠይቀሃል። ከትራንስፎርመሩ ነው። በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ አይነካኩም፤ የሚያገናኛቸው ሁለቱ የተጠቀለሉበት ብረት ብቻ ነው። በአንደኛው ጥቅል ውስጥ የሚመላለሰው ኮረንቲ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል፣ ያጠፋዋል፣ መልሶ በተቃራኒው ማግኔት ያደርገዋል። ይህ መለዋወጥ ሁለተኛውን ጥቅል ይቀሰቅሰዋል። የባትሪ ኮረንቲ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚፈስ ይህን ማድረግ አይችልም። የሚመላለሰው ብቻ ነው የሚችለው። ብዙ ዙር በተጠቀለለው በኩል ቮልቱ ይበዛል፣ ጥቂት ዙር በተጠቀለለው በኩል ያንሳል። በመስመሩ በኩል አሥራ አንድ ሺህ የገባው ለሱቁ ሁለት መቶ ሃያ ሆኖ የሚወርደው በዚህ ነው።

ብረቱ ግን መንግሥት በየት በኩል፣ የባሕሪያ ሱቅ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። ከሱቁ በኩል ሁለት መቶ ሃያ ቢገባበት፣ በመስመሩ በኩል አሥራ አንድ ሺህ አድርጎ ያወጣዋል። አንተ የቆረጥኸው መስመር በእውነት ሞቶ ነበር። አልተሳሳትህም። ያስነሣው ከታች የመጣው ነው።

ዋናው ማጥፊያ ቢጠፋ ኖሮ ከሱቁ አይወጣም ነበር። ባሕሪያ ማጥፊያው ለጄኔሬተሯ ብቻ የሚጠቅም መስሏታል። እንደዚያ የመሰላት እኔ እንደዚያ ስለ ጻፍሁላት ነው። እሷ አታውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የምነግራቸው ነው። ማጥፊያው የሚያድነው ጄኔሬተራችሁን ብቻ አይደለም፣ ምሰሶው ላይ ያለውን ሰው ነው እላቸዋለሁ። ለባሕሪያ አላልኋትም።

ያወቀ ካለ አውቅ ነበር ይበል ብለዋል አባትህ። አውቅ ነበር። ረድዋን፣ ጎንደር።»

ባሕሪያ፣ ሐጂ ሲተረጉመው «አውቅ ነበር» የሚለውን «ሳያውቅ አልቀረም» እንዳያደርገው ተጠንቀቂ። ደግ ሰው ነው፤ ያደርገዋል።

ለምን ሳልጽፈው እንደቀረሁ አልጠየቅሽኝም። ልንገርሽ። ቦታ አጥቼ አይደለም፤ አራተኛው ገጽ ግማሹ ባዶ ነው፤ ቅጂው ፊቴ ነው። የመጋዙ ምሳሌ አምሮብኝ ነበር። ስለቱ ይጎብጣል፣ ጄኔሬተርሽ ይቃጠላል ብዬ ስጨርስ ደስ አለኝና እዚያው ላይ ፈረምሁ። ትራንስፎርመሩን ብጨምር ነገሩ ይንዛዛል፣ ለእሷም ይከብዳታል አልሁ። ምን እንደሚከብድሽ የመጠንሁልሽ እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት የታየኝ ያንቺ ጄኔሬተርና የእኔ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ምሰሶ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አላለኝም።

ትእዛዝ ብቻ የሚሸመድድ በቀቀን ነው እያልሁ ጣትሽን መታሁት። ያን ቀን እንደ በቀቀን «አጥፊ ብሏል» ብለሽ ወንበሩ ላይ ወጥተሽ ቢሆን ኖሮ አኑዋር እጁ በቦታው ነበር። አንቺ ሰው ሆንሽ፣ ምክንያቱን ያዝሽ፤ እኔ ግማሽ ምክንያት ሰጥቼሽ።

ስለዚህ በየካቲት ያረምሽውን መልሰሽ አርሚ። «ምንም የለበትም» አላልሁም፤ እሷ ትቅር። «እኔ ያደረግሁት እሱ ያለኝን ነው» ያልሽው ግን ልክ ነው። በኅዳር ስም ማጥፋት ብዬ የጻፍሁት ስሕተት ነው። አጠገብሽ አስቀምጠሽኝ ነበር፤ ተነሥቼ ሄድሁ። መልሰሽ አስቀምጪኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሐጂ አንድ ማጥፊያ ያመጣልሻል። ወይ የመንግሥቱን መብራት ወይ ጄኔሬተሩን ነው የሚይዘው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። ከፍሪዘር ጀርባ እንዳይተከል። በደጁ በኩል፣ በእጅሽ ቁመት ልክ፣ ወንበር በማያስፈልግበት ቦታ ይሁን። ሁለት ወንድ ሶኬት ያለውን ገመድ ከመካከሉ ቁረጪው። ተቆርጧል ብለሽ ብትጽፊልኝ አይበቃኝም፤ ግማሹን ላኪልኝ።

አጃዊዶቹ የሚወስኑትን ከሐጂ እሰማለሁ። አባቱ በእኔ ላይ የሚፈርዱትንም እቀበላለሁ። ከአንቺ የምፈልገው ሌላ ነው። ወረቀቱ ተነብቦ ሲያልቅ አኑዋር የሚለውን እፈልጋለሁ። ቢሰድበኝ ስድቡን። ቢስቅ መሳቁን። ምንም ሳይል ተነሥቶ ቢወጣ መውጣቱን። አንዲት ቃል ሳትጨምሪ፣ ለእኔ አዝነሽ ሳታለሳልሺ፣ በኅዳር የራስሽን ቃል በደብዳቤ አናት ላይ እንዳስቀመጥሁት፣ የእሱን ቃል በደብዳቤሽ አናት ላይ አስቀምጪው። ሰላምታው ከሥሩ ይምጣ።

መልስሽን እስከ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ እንድታደርሺኝ።

ረድዋን